ሰልፉ የት ገባ

ተቆጪ ናት ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ እቆጣለሁ። ኮንቴይነር በልስላሴ ተነስቶ አያውቅም። «ቢልቂስ ስትቆጣ ሐርቡ ድረስ ይሰማል» እያለ የሚያሾፍብኝ ሚስባህ ነው፤ የኮንቴይነር ማንሻ ማሽናችን ነጂ። እሱም ቢሆን እኔ ካልጮኽኩበት ሻዩን አይጨርስም።

የምሠራው ቦርከና ደረቅ ወደብ ነው፤ የግቢው ሥራ ኃላፊ ነኝ። ኮምቦልቻ ላይ ወደብ ስል እንግዳ ሰው ይስቃል፤ ባሕሩ የታለ ይላል። ባሕሩ ጅቡቲ ቀርቷል። ዕቃው ግን ከመርከብ ወርዶ፣ ሚሌን አልፎ፣ ያን ሁሉ ሙቀትና የባቲን ዳገት ጨርሶ እኛ ግቢ ይገባል። ተሳቢው ኮንቴይነሩን ያራግፋል፣ እኛ እንደረድረዋለን፣ ጉምሩኩ ሲያልቅ ባለቤቱ መኪና ልኮ ይወስዳል። ሲያወሩት እንዴት ያለ ቀላል ሥራ መሰላችሁ።

ሲሠሩት ግን ሌላ ነው። ግቢው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ከበሩ ውጪ ደግሞ ሰልፉ አስፋልቱን ይዞ እስከ ድልድዩ ይደርሳል። ሾፌሮቹ ከመኪናቸው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ይተኛሉ፣ ልብሳቸውን አጥበው ስፖንዳው ላይ ያሰጣሉ። አንዱማ ተራ ሲጠብቅ ከሰፈሩ ልጅ ጋር ተዋውቆ ሽማግሌ ሊልክ ደርሶ ነበር።

ያንን ሰልፍ የሚያስከብሩት ጋሽ ጸጋው ናቸው። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሱ፣ አሁን በራችን ላይ ታጣፊ ወንበር ዘርግተው የሚውሉ ሰው። ለእሳቸው ተራ ማለት የሰው ሐቅ ነው። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይጫናል፤ ባለሥልጣን ይሁን የባለሥልጣን አጎት ጉዳያቸው አይደለም። ስለዚህ ሾፌሮቹ ይወዷቸዋል፤ እኔም እወዳቸዋለሁ፤ እንጣላለን እንጂ።

ጣጣው ምን መሰላችሁ፣ ቀድሞ የመጣው ሾፌር የሚፈልገው ኮንቴይነር ሁልጊዜ ከታች ነው። ወላሂ ሁልጊዜ። እኛ ዕቃውን እንደ አመጣጡ ነበር የምንደረድረው፤ ክፍት ቦታ ከተገኘ እዚያ ቁጭ። ሚስባህ ያንን አንዱን ለማውጣት ከላዩ ያሉትን ያወርዳል። የሚያስቀምጥበት ሲያጣ መተላለፊያው ላይ ያደርጋቸዋል። መተላለፊያው ሲዘጋ ደግሞ እነሱን ለማንሳት ሌላ ያነሳል። ከሰልፉ መሃል ያለው ሰው ኮንቴይነር እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ተራው ስላልደረሰ ብቻ ሰውየው ይጠብቃል። ማሽኗ አንዲት ናት። ቀኑን ሙሉ ስታገላብጥ ውላ የወጣው ሲታይ ያሳፍራል።

የግቢው ባለቤት አቶ ወንድምአገኘሁ መፍትሔ አላቸው፤ ከጎናችን ያለውን መሬት መያዝና ሁለተኛ ማሽን ማስመጣት። መሬቱን የሚለቅ የለም። ማሽኗም ከዓመት ዓመት ልትመጣ ነው እንደተባለች አለች። ላም አለኝ በሰማይ።

እንዲህ እያለን ማስተዋል መጣች። ማስተዋል የገራዶ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የግዢ ኃላፊ ናት። ገራዶ ትልቁ ደንበኛችን ነው፤ ከግቢው ግማሹ የእነሱ ክር ነው ብል አልዋሸሁም። ቢሮ ገብታ ተቀመጠች፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እኔ ደግሞ የሚያስፈራኝ የማይጮኽ ሰው ነው።

«ክራችን እዚህ ተቀምጦ ማሽኖቻችን ቆሙ» አለች። «ከኩታበር፣ ከቢስቲማ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚሠሩ ልጆችን ሥራ የለም ብዬ መለስኩ። አንዷ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ለእናቴ ምን ልበላት አለችኝ። ከእንግዲህ አልችልም። በሚመጣው ወር አርባ ኮንቴይነር ክር ይደርሳል። ጉምሩኩ ባለቀ ማግስት፣ በአንድ ቀን፣ አርባውም ፋብሪካችን በር ላይ ካልተገኘ ሥራችንን ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ እናዞራለን።»

አርባ ኮንቴይነር በአንድ ቀን። እኛ በሳምንት አውጥተነው የማናውቀውን።

እሷ ስትወጣ አቶ ወንድምአገኘሁ ግድግዳውን እያዩ፣ «ገራዶ ከሄደ ግቢውን እዘጋለሁ ቢልቂስ» አሉኝ። ሊያስፈራሩኝ አልነበረም፤ አፍረው ነው ያሉት። ሚስባህ፣ ጋሽ ጸጋው፣ ጥበቃው፣ ጽዳቱ፣ በር ላይ ሻይ የምታፈላው ሳትቀር ሁሉም እንጀራቸው ከዚያ ነው። እኔ ደግሞ ያንን ግቢ በሬ ሲግጥበት ነው የማውቀው። መሬቱ ሲደለደል ቆሜ ያስደለደልኩ፣ መስመሩን በኖራ ያሰመርኩ እኔ ነኝ። እወደዋለሁ። ግቢ ይወደዳል ወይ ትሉኝ ይሆናል፤ ይወደዳል።

መጀመሪያ ያደረግኩት የማውቀውን ነው፤ ጮኽኩ። ሁሉም ሮጠ፣ ሁሉም ላበው፣ ሰልፉ ግን ከድልድዩ አልፎ ሄደ። ችግሩ ስንፍና ቢሆን ኖሮ በእኔ ጩኸት በተፈታ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሐጃ ሳፊያ ሞቱ፤ አላህ ይዘንላቸው። የሰፈራችን እናት ነበሩ። የቅሬው ለፋፊ በጠዋት ሲጣራ እኔ ግቢ ገብቼ ሥራ ላከፋፍል ነበር። እኛ አገር ደግሞ ቅሬ፣ ሌላው እድር የሚለው፣ ከጠራ ሥራ የለም። ሟች የሁሉም ነው፤ እስላም ክርስቲያን አይባልም፤ የቀረ ይቀጣል፣ ከቅጣቱ ይልቅ ሐሜቱ ይብሳል። ሚስባህ ማሽኗን አጥፍቶ ወረደ። ጋሽ ጸጋው ወንበራቸውን አጥፈው ሄዱ። እኔም እየተነጫነጭኩ ነጠላዬን ለብሼ ተከተልኩ። ሐዘኑ ነበረብኝ፤ ግን ያ ሁሉ ሥራ ተከምሮ አንድ ቀን መሄዱ አንገበገበኝ።

የእኔ ምድብ ድስት ነው። ከዙሁር ሶላት በኋላ ኑ ተብለን ነበርና ሴቶች ሆነን ያኔ ወደ ቅሬው ዕቃ ቤት ሄድን። ቁልፉ ያለው ጋሽ ጸጋው ጋ ነው፤ የቅሬው ዕቃ ቤት ኃላፊ እሳቸው ናቸው። በሩን ሲከፍቱልኝ ድስቶቹ ፊት ለፊቴ ተደርድረዋል። ከፊታቸው ምንም የለም። ጎንበስ ብዬ አንዱን አነሳሁና እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ያ ቤት ጠባብ ነው። ጠዋት ሳልፍ በሩ ተከፍቶ አይቼዋለሁ፤ እስከ ጣሪያው ሞልቶ ነበር። በሩ ሥር ዶማና አካፋ፣ ከእሱ ኋላ አስከሬን መሸከሚያው የጀናዛ አልጋ፣ ቀጥሎ ድንኳኑ፣ ቀጥሎ አግዳሚው፣ እመጨረሻው ድስቱ። ቆፋሪዎቹ መጥተው ዶማቸውን ወሰዱ። አስከሬኑ ተከፍኖ ሲያልቅ አልጋውን የሚሸከሙት መጡ። ድንኳን ተካዮቹ ተከተሉ። አንዱ የሌላውን ዕቃ አላነሳም፣ አንዱ ሌላውን አልጠበቀም። ሐጃ ሳፊያ ከዙሁር በፊት አፈር ቀመሱ፤ ያ ሁሉ ለቀስተኛ ተቀምጦ ሊበላ ነው። ደግሞ ማንም አልጮኸም።

«ጋሼ፣ ይሄን ዕቃ እንዲህ የደረደረው ማን ነው?» አልኩ።

«እኔ ነኛ። ማን ሊሆን ኖሯል?»

«ድስቱን ለምን ከኋላ አደረጉት?»

አስተያየታቸው የጤናሽ ነው ወይ የሚል ነበር። «መቃብር ሳይቆፈር ወጥ ይሠራል እንዴ?»

«ታዲያ እኛ ግቢ ድስቱን ለምንድን ነው በር ላይ የምንከምረው?»

ጋሽ ጸጋው ቁልፋቸውን አገላበጡ። «ያ ሥራ ነው፤ ይሄ ሞት ነው» አሉ።

«ለሞተው በሥርዓት፣ ላለነው በግርግር?»

«አንቺ ልጅ፣ ለቅሶ ላይ ነን። ድስትሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ይዤ ሄድኩ። ሽንኩርት ስከትፍ ሁለቴ ጣቴን ቆረጥኩ፤ ሐሳቤ ሁሉ ግቢው ጋ ነበር።

በማግስቱ ሁሉንም ሰብስቤ ነገርኳቸው። ከዛሬ ጀምሮ የሚገባ ኮንቴይነር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው መቼ ትወጣለህ ነው። ጉምሩክ ያላለቀለት ወደ ኋላ። ነገ የሚወጣ በሩ አጠገብ፣ ከላይ። ባለቤቶቹ አራግፈው የመለሱትን ባዶ ኮንቴይነር ለምን እናሳድረዋለን፤ ከጅቡቲ መጥቶ ያራገፈ ተሳቢ ባዶ እጁን ከሚመለስ እሱን ይጫንና ይሂድ። ሰልፍ ደግሞ የለም። ኮንቴይነሩ ሲዘጋጅ ሾፌሩ ይጠራል።

እስከ ባዶው ድረስ ሁሉም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሰልፍ የለም ስል ጋሽ ጸጋው ተነሱ።

«ቀናት ሙሉ መኪናው ሥር ያደረ ሰው እያለ፣ ዛሬ ጠዋት የመጣው ጭኖ ሊሄድ? ይሄ ግፍ ነው። እኔ እያለሁ አይሆንም።»

«ጋሼ፣ በፊት የወጣን ጆሮ በኋላ የወጣ ቀንድ በለጠው ይባል የለ» አለ ሚስባህ እየሳቀ።

«እኔ የቀንድ ጠባቂ አይደለሁም» አሉት። ሳቁን ዋጠው።

መጮኽ አማረኝ። አፌን ከፍቼም ነበር። ግን እውነታቸውን ነው፤ ያንን ሰልፍ ባያስከብሩ ኖሮ ጉልበተኛው ሁሉ ደካማውን እየረገጠ ይጫን ነበር። ስለዚህ ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ቅሬው ሲጠራ ሰውን ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ያቆማል?»

«ለምን ያቆማል? ለእያንዳንዱ ሰዓቱ ይነገረዋል።»

«ድስት የያዘችው ከቆፋሪው በኋላ በመምጣቷ ሐቋ ተነካ?»

«አልተነካም።»

«እና ሾፌሩ ከእኔ በምን ያንሳል? ጎማ ሥር ከሚያድር ቤቱ ይደር። ሐርቡ ያለው ሐርቡ፣ ደሴ ያለው ደሴ፣ ከልጆቹ ጋር ይብላ። ሰዓቱ ሲደርስ ይጠራ። ሰልፉ ይቅር እንጂ ሐቁማ ይኖራል።»

ጋሽ ጸጋው ወጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም። በማግስቱ ጠዋት ቢሮዬ በር ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጠሪው እኔ ከሆንኩ» አሉ። «ሰዓቱን የምሰጠውም የማስከብረውም እኔ ነኝ። አንድ ሰው እንኳ በሰዓቱ መጥቶ ቆሞ ከዋለ፣ ሰልፌን እመልሳለሁ።»

«ተስማማን» አልኳቸው።

ከዚያ የመጣውን መከራ አልደብቅም። ግቢውን እንደገና ለመደርደር መጀመሪያ መበጥበጥ ነበረብን፤ ለጥቂት ቀናት ከድሮው ባሰ። ነጋዴዎቹ ደወሉ፣ ተሳደቡ። ሚስባህ ራሱ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለኝ፤ የመለስኩለትን እዚህ አልደግመውም። ቀስ እያለ ግን ባዶዎቹ መውጣት ጀመሩ። ተሳቢ ሲያራግፍ አንድ፣ ሲያራግፍ ሌላ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከማሽኗ ፊት ጥቁር ነገር አየሁ፤ መሬት ነው። አስፋልቱ። ከተደለደለ ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበር። ሚስባህ ማሽኗን አቁሞ ወርዶ በጫማው መታ መታ አደረገው።

አርባው ኮንቴይነር መጣ፤ ሲገባ ገና ቦታው ተለይቶ ነበር፤ በሩ አጠገብ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ብቻ። ጉምሩኩ አለቀ። ማግስቱ የእኛ ቀን ሆነ።

ፈጅር ሰግጄ ስመጣ ጋሽ ጸጋው ወንበራቸው ላይ አሉ። በአንድ እጃቸው አንድ ስልክ፣ በሌላው ሌላ። «በል አንተ ተነስ። ቁርስህን በልተሃል? እንግዲያው ና» ይላሉ። መኪናው ይመጣል፣ ይገባል፣ ሚስባህ አንዴ ብቻ ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ መኪናው በሌላኛው በር ይወጣል። ቀጣዩ ከበሩ ሲገባ የፊተኛው አቧራ ገና አልወረደም። ሚስባህ እላይ ሆኖ መንዙማ ያንጎራጉራል። እኔ መሃል ቆሜ የምቆጣው አጣሁ፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

እኩለ ቀን ላይ ግን የአቶ ወንድምአገኘሁ መኪና መጣ፤ ከኋላው አንድ ትልቅ የጭነት መኪና አስከትሎ። ከሩቅ ሳየው ገባኝ። የሚፈልገው ኮንቴይነር ከኋላ ክምር ሥር ነው። እሱን ለማውጣት ማሽኗ ሥራዋን ትታ ወደዚያ መሄድ አለባት፤ መተላለፊያው ይዘጋል፣ የተጠሩት መኪናዎች ይቆማሉ፣ ቀኑ ያልቃል። ልጮኽ እየሮጥኩ ሄድኩ።

«ጋሽ ጸጋው፣ የአማቼ ሴራሚክ ነው» ይላሉ አቶ ወንድምአገኘሁ በመስኮት። «አንዲት ኮንቴይነር ብቻ። ቶሎ ይበሉ፣ ያስገቡት።»

«ሰዓቱ ስንት ነው?»

«ሰዓት የለውም።»

«እንግዲያው ልስጠው። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት።»

«ጋሽ ጸጋው፣ ግቢው የኔ ነው እኮ።»

ጋሽ ጸጋው ከወንበራቸው አልተነሱም። «ግቢውማ የርስዎ ነው፣ ጌታዬ። ሰዓቱ ግን የሾፌሮቹ ነው። ቅሬ ላይ ሀብታም ተብሎ ቀድሞ የተቀበረ አይቼ አላውቅም።»

እኔ ስደርስ የተጠራ መኪና ከኋላ ጥሩምባ ነፋ። አቶ ወንድምአገኘሁ ወደ ግቢው ውስጥ አዩ፤ ሚስባህ አንዱን አውርዶ ወደ ሌላው ሲዞር፣ ያ ሁሉ ባዶ አስፋልት። ሳቁ። ወርደው የአማቻቸውን ሾፌር «ነገ ሦስት ሰዓት፤ እንዳታረፍድ፤ እኚህ ሰውዬ አያስገቡህም» አሉት። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው መንገድ ሲያስለቅቁ ዋሉ።

የመጨረሻው ክር ከበራችን የወጣው አስር ሰዓት ከመድረሱ በፊት ነው። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ሚስባህ ከማሽኗ ወርዶ እመሬቱ ላይ ሱጁድ ወረደ። ሻይ የምታፈላዋ ለሁላችንም በነፃ ቀዳች፤ ይሄም ታሪክ ነው።

ማስተዋል የመጣችው ያኔ ነው። ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ ውላ፣ ፋብሪካው ሳትደርስ በቀጥታ ወደ እኛ፤ መኪናዋን ራሷ እየነዳች፣ ቀስ ብላ፣ ግራ ቀኝ እያየች። ከድልድዩ እስከ በሩ አንድ ተሳቢ የለም። ወርዳ በሩ ላይ ቆመች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሰልፉ የት ገባ?» አለች።

«የለም» አልኳት።

«መኪና አልመጣም ማለት ነው? አልጀመራችሁም?» ዓይኗ ውሃ ሞላ። ያቺ የማትጮኽ ሴት ድምጿ ተንቀጠቀጠ። «እኔም እንዲህ እንዲሆን አልፈለግኩም ቢልቂስ። ወደ ሞጆ እሄዳለሁ ያልኩት ቢቸግረኝ እንጂ ጠልቼያችሁ አይደለም። ለልጆቹ ነገ ምን ልበላቸው?»

ልነግራት አፌን ስከፍት ስልኳ ጮኸ። የፋብሪካው መጋዘን ኃላፊ ነው፤ ሰውየው እንዴት እንደሚጮኽ፣ እኔን ያስንቃል፤ ሁላችንም ሰማነው።

«ማስተዋል፣ በፈጠረሽ፣ እነዚህን ሰዎች አስቁሚልን። ማራገፊያ ጠፋን። አንዱን ሳንጨርስ ሌላው ይመጣል። መኪናዎቹ ከበራችን እስከ ዋናው መንገድ ተሰልፈዋል፤ ሾፌሮቹ ሰዓታችን አለፈ እያሉ ይቆጡናል።»

«ስንት ደረሰ?» አለች ማስተዋል።

«አርባውም እዚህ ነው ያለው። ኧረ ይበቃል በያቸው።»

ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ወደ ግቢው ውስጥ ተመለከተች። ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ይታያል። ሚስባህ ሻዩን ይዞ፣ አቶ ወንድምአገኘሁ በሸሚዛቸው፣ ሁላችንም አፏን እያየን ቆመናል።

«የትም አንሄድም» አለች። «እዚሁ ነን።»

እኔ አለቀስኩ። ሰው እያየኝ፣ በነጠላዬ ጫፍ አፍንጫዬን እየጠረግኩ አለቀስኩ፤ ሚስባህ እንኳ አላሾፈብኝም። ማስተዋል እየሳቀች እያለቀሰችም አቀፈችኝ።

«ቆይ፣ እኔ አሁን ያንን ሁሉ ሰልፍ ምን ላድርገው?» አለች።

ጋሽ ጸጋው ከተቀመጡበት ተነሱ። ወንበራቸውን አጥፈው ብብታቸው ሥር ሸጎጡ፣ ስልኮቻቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«መኪናሽ ላይ ቦታ አለ፣ ልጄ?» አሏት።